የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሙምባይ ሄዳችሁ ፍርድ ቤቱን ሳታዩ አትመለሱ

ባለፈው እትም ሙምባይ፣ ሕንድ ስላለው የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጭር ነገር ጽፌ ነበር። እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ዘመን ያሠሩት ሕንፃ ነው። ዛሬም ዳኞች ያስችሉበታል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጎብኚ ይገባበታል፣ ከአስጎብኚ ጋር። ይህን ብዬ ዝም ብል ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ «እንዴት ይኬዳል?» የሚል ነው፣ ግማሹ ቁጣ ነው፣ አንዳንዱ እኔንም መጽሐፍ ያስገለጠ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ይዤ ሙምባይ ልሄድ ነው። ቅዳሜ ወይ እሑድ ግማሽ ቀን ባገኝ ፍርድ ቤቱን ማየት እችላለሁ? የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ገብቼስ ምኑን ልይ? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አዎ፣ ትችያለሽ። ጉብኝቱ ለሕዝብ የተከፈተው በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ነው፣ የማሃራሽትራ ግዛት ቱሪዝም ከፍርድ ቤቱ ጋር ተስማምቶ። በሥራ ቀን ግቢው በጠበቃና በባለጉዳይ ስለሚጨናነቅ ነው ቅዳሜና እሑድ የተመረጠው። ግን በር ላይ ደርሰሽ «አስገቡኝ» ብትዪ አይሆንም፤ ቀደም ብለሽ ተመዝገቢ፣ ሰዓቱንም ያኔ አረጋግጪ። ፓስፖርትሽን ያዢ። የሚሠራ ፍርድ ቤት ስለሆነ ፍተሻ ይጠብቅሻል፤ ፎቶ የት እንደሚፈቀድም አስቀድመሽ ጠይቂ።

ምኑን ልይ ላልሽው፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሕንፃው ግዙፍ ነው። ርዝመቱ 562 ጫማ ነው፣ ከ170 ሜትር ያልፋል ማለት ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ሹል ቅስት፣ ማማ፣ አናቱ ላይ የፍትሕና የምሕረት ሐውልቶች። አስጎብኚዎቹ ይህን ሁሉ ያሳዩሻል፤ ደስም ይላል። አንቺ ግን ዓይንሽን ለ46ኛው ችሎት ቆጥቢ። ድሮ የወንጀል ጉዳይ የሚታይበት ትልቁ አዳራሽ ነው፣ በሕንፃው እምብርት ላይ። ከቲክ እንጨት የተቀረጸ የሕዝብ ሰገነት ሦስቱን ጎን ይዞረዋል። ጣሪያው የተወለወለ ጥቁር ቲክ ነው፣ ወለሉ የጣሊያን ሞዛይክ። ያ ሁሉ ጌጥ የተሠራው ተከሳሹ ገብቶ ሲቆም እንዲያንስ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። ከላይ ከሦስት አቅጣጫ ሰው ቁልቁል ያየዋል፣ ፊት ለፊቱ ዳኛው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ስትገቢ መጀመሪያ የዳኛውን ወንበር ሳይሆን ተከሳሹ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጊ። ከዚያ ሆነሽ ቀና ብለሽ እዪ። የሕግ ሰው መሆን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ «46ኛው ችሎት» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጻፋችሁ። እዚያ ማን ተከሶ ነው? (ሁለት አንባቢዎች፣ ከጎንደርና ከሐዋሳ)

መልስ፦ ባል ጋንጋድሃር ቲላክ። ጋንዲ ገና ደቡብ አፍሪካ በነበረበት ጊዜ ሕንድ ውስጥ የነፃነቱን ጥያቄ ጮክ ብሎ ያነሳ የነበረው እሱ ነው። ጋዜጠኛ ነው፤ ኬሳሪ የሚባል በማራቲ ቋንቋ የሚወጣ ጋዜጣ ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ 1908 እ.ኤ.አ. ሙዛፋርፑር በሚባል ከተማ ወጣቶች ለአንድ እንግሊዛዊ ባለሥልጣን ብለው ቦምብ ወረወሩ፤ የሞቱት ግን ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች ናቸው። ቲላክ በጋዜጣው ላይ ቦምቡን አላሞገሰም፤ ሰው እዚህ የሚደርሰው መንግሥት ሲያፍነው ነው፣ መፍትሔውም ለሕዝቡ መብት መስጠት ነው አለ። በዚህ ጽሑፉ ምክንያት ሰኔ ላይ ታሰረ። ሕዝብን በመንግሥት ላይ በማነሳሳት ተከሰሰ። ክሱ ከሐምሌ 13 እስከ 22 ድረስ በዚያ አዳራሽ ታየ።

አሁን የሚያመውን ስሙ። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ዲንሻው ዳቫር ይባላሉ፣ ሕንዳዊ ናቸው፣ ፓርሲ፤ ጥንት ከፋርስ ተሰዶ ሕንድ ከሰፈረው ወገን ማለት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1897፣ ቲላክ በተመሳሳይ ክስ ታስሮ ሳለ ተከራክረው በዋስ ያስፈቱት ጠበቃ እኚሁ ሰው ነበሩ! አሁን ግን ዋስትና ጠይቆ ከለከሉት። ጁሪው፣ ከሕዝብ ተመርጦ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው ቡድን፣ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ሰባቱ አውሮፓውያን፣ ሁለቱ ፓርሲዎች። ቲላክ በገዛ አፉ ተከራከረ። ለቀናት፣ በድምሩ ከሃያ ሰዓት በላይ ተናገረ። ጽሑፉ በማራቲ እንደሆነና ጁሪው የሚያነበው የተዛባ ትርጉም እንደሆነ አንድ በአንድ አሳየ። ምሽት ላይ ጁሪው ተመለሰ፦ ሰባት ለሁለት፣ ጥፋተኛ። ሰባቱ እነማን እንደሆኑ፣ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ መገመት አያቅታችሁም።

ዳኛው የምትለው ካለ ሲሉት የተናገረው ነገር ዛሬ ከችሎቱ በር ውጭ በእብነ በረድ ተቀርጾ ይገኛል። ፍሬ ሐሳቡ፦ ጁሪው ይህን ቢልም እኔ ንጹሕ ነኝ፤ የነገሮችን ዕጣ የሚመሩ ከዚህ በላይ የሆኑ ኃይሎች አሉ፤ ምናልባት የቆምኩለት ዓላማ እኔ ነፃ ሆኜ ከምኖር ይልቅ መከራ ስቀበል የበለጠ ይሳካ ይሆናል። ስድስት ዓመት ግዞት ፈረዱበት። በርማ፣ ማንዳሌይ እስር ቤት ወሰዱት። የቦምቤይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ለእያንዳንዱ የእስር ዓመት አንድ ቀን ብለው ስድስት ቀን ሥራ አቆሙ። ፋብሪካ በፋብሪካ በነበረች ከተማ ስድስት ቀን ሥራ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የእብነ በረዱን ጽሑፍ በ1956 እ.ኤ.አ. የመረቁት የዚያው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ኤም. ሲ. ቻግላ ናቸው። አንድ ፍርድ ቤት የገዛ በሩ ላይ «እዚህ በደልን» የሚል ምስክር ሲሰቅል ቀላል ነገር አይደለም። እኔን ወደዚህ ቤት የሳበኝ ይሄ ነው፣ ቅስቱና ማማው አይደለም። ሌላም ላክል፦ በ1916 ቲላክን እንደገና ወደ ሕግ ሲጎትቱት ጠበቃ ሆኖ የቆመለት መሐመድ አሊ ጂናህ ነው፣ በኋላ ፓኪስታንን የመሠረተው። ያኔ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ለቲላክ ፈረደ። ስምንት ዓመት ብቻ ነው በሁለቱ መካከል ያለው።

ጥያቄ፦ ናፒየር መቅደላን የወጋው ከቦምቤይ ተነስቶ ነው። እናንተ ደግሞ የዚያችኑ ከተማ ፍርድ ቤት ታደንቃላችሁ። ሕንፃው ከእኛ በተዘረፈው ገንዘብ አልተሠራም ወይ? የጠላትን ቤት ማድነቅ ምን የሚሉት ነው? (አንድ አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቆጣትህ ያግባባናል። ያልከውም እውነት ነው፤ ሮበርት ናፒየር የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ነበር። የዘመቻው ቀዳሚ ቡድን በመስከረም 1867 እ.ኤ.አ. ከቦምቤይ ወደብ ተነሣ። ዙላ ላይ ወረዱ። አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆን ሳይቀር በመርከብ ጭነው መጡ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን አንተም እኔም እናውቃለን።

ግን የገንዘቡ መንገድ ሌላ ነው። ከመቅደላ የተዘረፈው ዳላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡን ወታደሮቹ ተከፋፈሉት። ብራናው፣ ታቦቱ፣ ዘውዱ አብዛኛው ለንደን ገባ፤ ዛሬም እዚያ አለ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከጥጥ ጋር ነው የሚያያዘው። ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ ጥጣቸው ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች መሄድ አቆመ። እንግሊዝ ፊቷን ወደ ሕንድ አዞረች፣ የጥጥ ዋጋ ተተኮሰ፣ ቦምቤይ በብር ተጥለቀለቀች። ገዢው ባርትል ፍሬሬ የድሮውን ምሽግ ግንብ አፈረሰና ከባሕሩ ፊት ለፊት የመንግሥት ሕንፃዎች በመደዳ እንዲተከሉ አደረገ። ጦርነቱ ሲያልቅ የጥጡ ገበያ ወደቀ፣ ብዙ ነጋዴ ከሰረ፤ የግንባታው እቅድ ግን ቀጠለ። ፍርድ ቤቱ የተጀመረው ሚያዝያ 1871፣ ያለቀው ኅዳር 1878 ነው። ንድፉን ያወጣው ጄምስ ፉለር የሚባል የጦር መሐንዲስ ኮሎኔል ነው። የወጣበት 1,644,528 ሩፒ ነበር፣ ከተፈቀደው በ2,668 ሩፒ ያነሰ። በጀት ሳይሞላ ያለቀ የመንግሥት ሕንፃ ስትሰማ እኔም እንዳንተ ገርሞኛል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ለእኛም ለሕንዶቹም የሚቆጠቁጥ ነው። ወደ መቅደላ የዘመቱትን የሕንድ ወታደሮች መደበኛ ደሞዝ የሕንድ ግምጃ ቤት እንዲከፍል ተደርጓል። የሕንድ ገበሬ ግብር ቴዎድሮስን ለመውጋት ዋለ ማለት ነው፣ ማንም ሳይጠይቀው። ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ችሎቱን የዋለው ጥር 10 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ሞተ፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ። ይህን ይዘህ ግባ። ማድነቅ የለብህም። ግን ናፒየርን የላከው ሥርዓት ሕንዶቹን እንዴት አድርጎ እንደዳኘ ማየት ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ቤት አታገኝም።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ላይ ዝንጀሮ ዳኛ ተቀርጿል ሲባል ሰማሁ። ለተማሪዎቼ ልንገራቸው ወይስ ተረት ነው? (አንድ መምህር፣ ከሐረር)

መልስ፦ ቅርጹ እውነት ነው፤ ንገራቸው። ዓምዶቹ አናት ላይ ካለው ቅጠላ ቅጠል መካከል ነው የሚገኘው፤ አስጎብኚው በጣት ካላሳየህ ታልፈዋለህ። አንድ ዝንጀሮ ሚዛን ይዟል፣ አንድ ዓይኑ ተሸፍኗል፣ አንዱ ያያል። ሚዛኑ ደግሞ አንድ ወገን ዘሟል። ሌላ ቦታ ቀበሮ አለ፣ አንገቱ ላይ ጠበቆች የሚያስሯትን ነጭ ጨርቅ ያሰረ። ይህ በፍርድ ቤት ግድግዳ ላይ! ዳኞቹ በየቀኑ ከሥሩ ሲያልፉ ኖረዋል።

ለምን ተቀረጸ የሚለው ግን የሚባል ነገር ነው፣ በሰነድ የተያዘ አይደለም። የሚተረከው እንዲህ ነው፦ አንድ እንግሊዛዊ ተቋራጭ ከሥራው ከፊሉን ለፓርሲ ተቋራጭ ሰጠው፣ ከዚያ ውሉን አፈረሰ። ፓርሲው ከሰሰ፣ ተረታ። ብድሩን በድንጋይ መለሰ ይላሉ። ለልጆቹ ስትነግራቸው ይህን ክፍል «ይባላል» ብለህ ለይላቸው። ዝንጀሮው ራሱ በቂ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ይንገሩህ።

ጥያቄ፦ ከተማዋ ሙምባይ ከሆነች ቆየች። ፍርድ ቤቱ ለምን «ቦምቤይ» እንደተባለ ቀረ?

መልስ፦ ከተማዋ ስሟን የቀየረችው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የፍርድ ቤቱን ስም ለመቀየር ግን የፓርላማ ሕግ ያስፈልጋል። በ2016 ረቂቅ ቀርቦ ነበር፣ አልጸደቀም።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም። የሕንድ ፍርድ ቤት ታሪክ ለኢትዮጵያ ጠበቃ ምን ይጠቅመዋል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የማያውቀው ዝምድና አለ። ለአሥርት ዓመታት የሠራንበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከየት መጣ? መደበኛው የወንጀል ሕጋችን የስዊዙ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን እጅ ያረፈበት ነው፣ ያንን በክፍል ተምረሃል። ሥነ ሥርዓቱን በመጨረሻ መልክ ያስያዙት ግን ሰር ቻርልስ ማቲው የሚባሉ እንግሊዛዊ ናቸው፤ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው በፊት ማላያ፣ በዛሬዋ ማሌዥያ፣ ዋና ዳኛ ነበሩ። ይዘው የመጡት የሚያውቁትን ነው። የማላያው ሕግ ደግሞ እናቱ የሕንድ ሕግ ነው። እንግሊዞች ለሕንድ የቀረጹት ሥነ ሥርዓት በማላያ ዞሮ አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው። ስለ ክስ አጻጻፍ የሚናገሩትን አንቀጾቻችንን ከድሮው የሕንድ ሕግ ጎን አስቀምጠህ አንብባቸው። ዝምድናው ይታይሃል።

ስለዚህ 46ኛው ችሎት ውስጥ ስትቆም እንግዳ ቤት አይደለህም። ቲላክ ላይ የተነበበው ክስ የተጻፈበት መንገድ እኛም አገር ብዙ ሰው ላይ ክስ ከተጻፈበት መንገድ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ጁሪው ብቻ ነው ወደ እኛ ያልመጣው።

ጥያቄ፦ ስለ ጁሪ ካነሳችሁ፣ ሕንድ ጁሪን የሰረዘችው በአንድ የባሕር ኃይል መኮንን ምክንያት ነው ይባላል። እውነት ነው? ዱባይ አብረውኝ የሚሠሩ ሕንዶች ስለሱ አውርተው አይጠግቡም።

መልስ፦ ኮማንደር ካዋስ ናናቫቲ። በሚያዝያ 1959 እ.ኤ.አ. ሚስቱ ከፕሬም አሁጃ ጋር ግንኙነት እንዳላት ነገረችው። ቤተሰቡን ሲኒማ አደረሳቸው፣ ከመርከቡ ሽጉጥ አወጣ፣ ሄዶ ሰውየውን ገደለው፣ ከዚያ በራሱ እግር ሄዶ እጁን ሰጠ። ሕዝቡ አበደ፣ ጋዜጦች ከእሱ ጎን ቆሙ። በሥር ፍርድ ቤት ጁሪው ስምንት ለአንድ ነፃ አለው። ዳኛው ግን ይህ ውሳኔ ማስረጃውን የሚቃረን ነው ብሎ ጉዳዩን ወደዚሁ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መራው። እዚህ ጥፋተኛ ተባለ፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ኋላ በምሕረት ወጣ።

ጁሪን ለብቻው ገደለው ማለት ግን ይበዛል። ሥርዓቱ ቀድሞም ቢሆን እየሞተ ነበር፤ ጉዳዩ አፋጠነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። በ1908 ጁሪው ቲላክን አሰረ፣ በ1959 ደግሞ ናናቫቲን ለቀቀ። ሁለቱንም ጊዜ ከማስረጃው ይልቅ ሰውየው ማን እንደሆነ የበለጠ ተቆጠረ። የሥራ ባልደረቦችህን ስለዚህ ጠይቃቸው፤ ወሬው እስከ ማታ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በታሪኩ ውስጥ ሴት የለችም? ሁሉም ወንድ ነው። (ከአዲስ አበባ፣ ጠበቃ)

መልስ፦ አለች፤ ሚታን ላም። ለንደን ተምራ በ1923 እ.ኤ.አ. ጥብቅናዋን ይዛ ተመለሰች፤ በዚህ ፍርድ ቤት የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ናት። ከዚያ በፊት ለሴቶች የመምረጥ መብት ከእናቷ ጋር ለንደን ድረስ ሄዳ ተሟግታለች። በዚያው ሰሞን በእነዚሁ ኮሪደሮች ሌላ ወጣት ጠበቃ ይመላለስ ነበር፣ ቢምራኦ አምቤድካር። ከተናቁት፣ «አይነኬ» ከሚባሉት ወገን ተወልዶ በኋላ የነፃዪቱን ሕንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ የመራው ሰው። ጋንዲ እንኳ በወጣትነቱ እዚህ ይመጣ ነበር። ክርክር ለመማር ብሎ መጥቶ፣ ነገሩ አልገባ ሲለው እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር ራሱ ጽፏል። ምድር ቤት ትንሽ ሙዚየም አለች፣ በ2015 የተከፈተች፤ የእሱና የጂናህ የጥብቅና ሰነዶች እዚያ አሉ። ሁለት አገር የመሠረቱ ሰዎች ወረቀት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ጊዜ ውሰጂ።

ጥያቄ፦ እኛስ? የእኛ ፍርድ ቤቶች ለምን እንዲህ አይጎበኙም? (ብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ለምን አይቻልም! ግን ሙምባይን መቅዳት አያስፈልገንም። የእኛ የፍርድ ታሪክ በድንጋይ ላይ ያለው ጥቂት ነው፤ ብዙው በዛፍ ሥር፣ በአደባባይ፣ በሰው አፍ ነው። «በላ ልበልሃ» ብሎ የሚሟገት ሰው፣ በማርና በበቅሎ ውርርድ የሚያስይዝ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ የሚሄዱበት፣ ከዚያ ይግባኝ ብሎ አፈ ንጉሥ ዘንድ፣ ካልሆነም ዙፋን ችሎት የሚደርስበት አገር ነው። በምኒልክ ጊዜ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የሚያስችሉበትን ሁኔታ ለሰው በቦታው ቆሞ የሚተርክ ሠልጣኝ አስጎብኚ ቢኖር፣ እኔ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነኝ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ከባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ጋር ቢነጋገሩ ብዙ ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፦ ምርምር፣ አንድ መንገድ፣ ደህና አድርጎ የሚናገር ሰው። ሙምባይም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። አንዳንድ ነገሮች ደግሞ ሊጠፉብን ነው። በቁራኛ የተቋጠሩ ሰዎችን በልጅነታቸው ያዩ አዛውንቶች እያለፉ ነው። የሚያውቅ ሽማግሌ በቤታችሁ ካለ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፁን ቅረጹ፣ ዛሬ ማታ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። ልጄ ሙምባይ ሊወስደኝ ነው፣ ልቅር ወይስ ልሂድ? (አንድ አባት፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ይሂዱ እንጂ አባቴ! ዋናዎቹ ችሎቶች ፎቅ ላይ ናቸው፤ የሕንፃው ጣሪያ ደግሞ ከፍ ያለ ስለሆነ ደረጃው ይረዝማል። ልጅዎ ሲመዘግብዎት ስለ ደረጃው አስቀድሞ ይንገራቸው። ካልተመቸዎት ምድር ላይ ያለው ቅስት በቅስት የሆነ ኮሪደርና ሙዚየሙ ይበቃዎታል። ውጪውን ለማየት ደግሞ ምዝገባም ክፍያም የለም። በምዕራብ በኩል ኦቫል ማይዳን የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ፣ ልጆች ክሪኬት የሚጫወቱበት። እዚያ ሆነው ፊትዎን ወደ ፍርድ ቤቱ ሲያዞሩ ከጎኑ የዩኒቨርሲቲውን የራጃባይ ሰዓት ማማ ያያሉ፤ ጀርባዎን ሲሰጡት ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ለስላሳ ባለ ቀለም አፓርታማዎች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሁለቱ ወገን አንድ ላይ በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ድሮ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባሕሩ ነበር፤ አፓርታማዎቹ የቆሙት ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ ነው። የሕንፃው ፊት ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን አይሞክሩት፤ የሙምባይ ዝናብ እንደ እኛ ክረምት አይደለም፣ መንገዱን ጭምር ነው የሚያጥለቀልቀው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሻላል፣ አየሩም ለጉልበትዎ ደግ ነው።